ሐመሩ ሐ

ይርሳው ነው ስሙ።
ሞት ይርሳው ብላ እናቱ ያወጣችለት፤
እሱ ግን ምንም የማይረሳ ሆኖ ዐረፈው።

ሥራ የጀመረው በጨርቃ ጨርቁ አጥር ላይ ነው፣
በቀይ ቀለም፣ ጠጉሩ በሳሳ ብሩሽ፣
«ምርት ይደግ» እያለ።
ቃሉን አላነበበውም፤
የ«ም»ን ወገብ እንጂ፣ የ«ግ»ን ክንድ እንጂ፣
በመሀላቸው ስንት ጣት ቢተው
ከመንገዱ ማዶ እንደሚታይ፣
ያችኑ ሲለካ ዋለ።
ፊደሉን ሲያሰፋው አጥሩ አለቀበት፤
የድርጅቱ ስም ሳይጻፍ ቀረ።
ሦስት ቀን አሰሩት።
ስለዚያ ቢጠይቁት እስከ ዛሬ የሚለው አንድ ነው፦
«የእስር ቤቱ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ጠማማ ነበር።»

ከዚያ ታፔላ። ከዚያ የሱቅ መዝጊያ።
ከዚያ በፋሲሎ በኩል፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ጎን፣
አንዲት ክፍል፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ወንበር፤
ወንበሩ የደንበኛ ነው፣ እሱ ቆሞ ይሠራ ነበር።
ኮምፒዩተሩ በአማርኛ ገና ኮልታፋ፤
«ጰ»ን ሲጠይቁት ባዶ ሳጥን ያወጣል።
ይርሳው ሳምንት ሙሉ አፍጥጦ
ያችን ፊደል ከሳጥኗ አስነሣት።
በዓመት ስንት ሰው «ጰ»ን ይፈልጋል?
እኔ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤
መታወቂያ ላሚኔት ላስደርግ ገብቼ ቀረሁ።

እንጀራችን የሠርግ ካርድ ነበር፣
የሙት ዓመት ጥሪ፣ የዶሮ መኖ ከረጢት፣
የዘጌ ጀልባዎች የዋጋ ዝርዝር።
አንድ ቀን አንድ ባለሆቴል መጣ
«ባህር ዳር» የሚል ወረቀት ይዞ፣ በሃሌታው ሀ።
ይርሳው መነጽሩን አወረደ።
«ጌታዬ፣ ይሄ ባሕር በሐመሩ ነው የሚጻፈው።
ሐመር ጀልባ ነው።
ጀልባውን አውርደህ ባሕሩን በምን ልትሻገረው ነው?»
ባለሆቴሉ ሄደ።
የወር ኪራያችንም ተከትሎት ሄደ።

ማታ ግን ሌላ ሰው ነበር።
መብራት ከሄደ በኩራዝ፣ ከመጣ እስኪነጋ፣
መጽሔቱን ይሠራል። ስሙ «ዳር»።
ያዘዘው የለም። የከፈለውም የለም።
ማተሚያ ቤቱ፣ «ዳሩን ቀንሰው፣ ወረቀት ባከነ» ቢለው፣
«ጽሑፍ ዳር ካጣ የት ቆሞ ይታያል?
እኛስ የቆምነው የት ሆነና!» ብሎ
አንድ ጣት ጨመረበት።

በጀርባው ሲዲ ለጠፍንበት፣ በእጃችን፣ በዱቄት ሙጫ፦
ታንኳ ሠሪው እንድሪስ ስለ ደንገል ሲያወራ፣
ሲያወራ መሀል ላይ ሲያስል፣
ጉማሬ በሌሊት ሣር ሲነጭ፣
የጭነት መኪና የዓባይን ድልድይ ሲያንቀጠቅጥ።
ሳሉን እንቁረጠው ብለው እንቢ አለኝ።
«ወረቀት ዲዳ ነው፣ አንቺ ልጅ፤
ምላስ እናበድረው ካልን ሙሉውን ነው።»

ሰባት ቁጥር ወጣ።
ስምንተኛው መቶ ሃያ ኮፒ፤
አርባው ተሸጠ፣ የቀረው ከአልጋው ሥር ገባ፤
ሽፋኑን ምስጥ በላው፣ ድምፁን አልቻለውም።
ከዚያ ሲዲ ማጫወቻው ራሱ ከከተማው ጠፋ፣
መቼ እንደጠፋ ማንም ሳያውቅ።
ከዓመታት በኋላ ነው ያየሁት፦
በባጃጅ መስታወት ላይ በክር ተንጠልጥሎ
ይዞራል፣ ያበራል።
እንድሪስ አለ እዚያ ውስጥ፣
ከሞተ ስንት ጊዜው፣
ስለ ደንገል ለፀሐይ እያወራ፣ እያሳለ።
ልነግረው ፈራሁ። ነገርኩት።
ሳቀ። «ሥርጭታችን ሰፋ በይኛ!»

አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሱቁን ለእኔ ተወው።
ባለፈው ሰኔ ያ ባለሆቴል ልጁን ላከ፣
ያንኑ ወረቀት ሊባል የሚችል ወረቀት አስይዞ።
እኔ ኪራይ አለብኝ።
በሃሌታው ጻፍኩት።
ዳሩን ግን ከታዘዝኩት አንድ ጣት አሰፋሁት፤
ማንም አላስተዋለም፣ ከፈሉኝም።

ትናንት ይርሳው በሐይቁ መንገድ ሲያልፍ
ከታፔላው ሥር ቆመ።
መነጽሩን አወረደ።
ያን የሚንቀጠቀጥ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ
ዳሩን ለካ።
አንድ ጊዜ ለካ፣ ደግሞ ለካ፤
ዘወር ብሎ ወደ ውኃው ሄደ።